ለልጄ የሴቶች ትምህርት ቤት ይሻላታል?

የሚኒስትሪ ውጤት ከወጣ በኋላ ምዝገባ እስኪጠናቀቅ ባሉት ሳምንታት፣ ልጃቸው ስምንተኛን የጨረሰችላቸው የአዲስ አበባ ወላጆች አንድ ክርክር አያጡም። ዘጠነኛ የት ትግባ? ለግል ትምህርት ቤት የመክፈል አቅም ባለው ቤት ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ያርፋል፦ ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ወይስ ቅይጥ? አንዱ «ከወንድ ጋር ከሆነች ሐሳቧ ይበተናል» ይላል። ሌላው «ታዲያ ከወንድ ጋር መቀመጥን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ልትማር ነው?» ብሎ ይመልሳል። ለሁለቱም ወገን ምስክር የምትሆን የአክስት ወይም የጎረቤት ልጅ አትጠፋም።

ጥናቶቹን ላገላበጠ ሰው ሁለቱም ወገኖች ከልክ በላይ እርግጠኞች ናቸው። ትምህርት ቤቱ የሴቶች ብቻ መሆኑ በራሱ የሚያመጣው ለውጥ ብዙዎች ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ለውጥ የሚያመጣበት ቦታ አለ፤ ግን ክርክሩ ከሚበረታበት ቦታ ላይ አይደለም።

የሴቶች ትምህርት ቤት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት የወንዶች ነበር። ልጃገረዶች የራሳቸውን ያገኙት በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ በእቴጌ መነን ስም ስድስት ኪሎ አካባቢ በተከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት ቤት የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በኋላ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። በደርግ ጊዜ ስሙ የካቲት 12 ተብሎ ወንዶችም ገቡበት፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ወደ ቀድሞ ስሙና ወደ ልጃገረዶች ትምህርት ቤትነት ተመልሷል። በግሉ በኩል ቶሎ የሚነሳው ስም የካቶሊኮቹ ናዝሬት ነው። ያኔ የሴቶች ትምህርት ቤት ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ አለዚያ ሴት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ዛሬ ቅይጡ በየሰፈሩ ሞልቶ፣ ልጅቷም የትም ብትገባ መማሯ ላይቀር፣ የሴቶቹን የሚመርጡ ወላጆች የሚያነሷቸው ምክንያቶች ሌሎች ናቸው። ውጤት ይላሉ፤ ሥነ ምግባር ይላሉ፤ አንዳንዱም ሃይማኖቴ ነው ይላል። የመጨረሻው የቤተሰቡ የራሱ ጉዳይ ስለሆነ ጥናት አይዳኘውም። የፊተኞቹን ግን መፈተሽ ይቻላል።

ውጤቱ የማን ነው?

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች ድርሻ በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበር። ይህን ቁጥር የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እንዲህ ባለ ዓመት አብዛኞቹን ተማሪዎቹን ያሳለፈ ትምህርት ቤት ስሙ ከአፍ አፍ ይዞራል፤ የሴቶች ብቻ ከሆነ ደግሞ «አየህ፣ ወንድ ስለሌለ ነው» ይባላል።

በር ላይ ማን እንደገባ ግን አይጠየቅም። በየዓመቱ ሁሉንም አሳለፉ ተብለው የሚመሰገኑት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በመግቢያ ፈተና መርጠው የሚቀበሉ ናቸው። ስመ ጥር የግል የሴቶች ትምህርት ቤቶችም ብዙውን ጊዜ ተማሪዎቻቸውን ከኬጂ ጀምረው ነው የሚይዙት። ልጁን ለኬጂ ለማስመዝገብ ሌሊት ወጥቶ የሚሰለፍ ወላጅ ልጁን የትም ቢያስገባት አስጠኚ ይቀጥራል፣ ደብተር ያያል፣ ካርድ ሲሰጥ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። በማኛ ጤፍ የተጋገረ እንጀራ አይቶ ምጣዱን ብቻ ማመስገን ይሆናል።

በሌሎች አገሮች ይህን ችግር ለማለፍ ብዙ ተሞክሯል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የጥናቶች ጥናት በ21 አገሮች የተሠሩ 184 ጥናቶችን፣ 1.6 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎችን አንድ ላይ አድርጎ መረመረ። የቤተሰብን ሁኔታና የተማሪዎቹን የቀድሞ ውጤት ከግምት ያላስገቡት ጥናቶች ለነጠላ ፆታ ትምህርት ቤት መጠነኛ ብልጫ ያሳያሉ። እነዚህን በሚገባ ያመዛዘኑት ዘንድ ግን ብልጫው ከቁጥር የማይገባ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል ነበር። በደቡብ ኮሪያ መዲና በሶል ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎች በየሚኖሩበት የትምህርት ወረዳ ወዳሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚደለደሉት በዕጣ ነበር። ወላጅም አይመርጥም፣ ትምህርት ቤቱም አይመርጥም፤ ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ወደ ነጠላ ፆታ ትምህርት ቤት በዕጣ የገቡት፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ በኮሌጅ መግቢያ ፈተናው የኮሪያኛና የእንግሊዝኛ ክፍል የተሻለ ማምጣታቸውን፣ የአራት ዓመት ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸውም ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የሴቶች ትምህርት ቤት ደጋፊ ይህን ቢጠቅስ እውነት አለው። ዳሩ ግን በሶል ነጠላ ፆታ ትምህርት ቤቶች ከቅይጦቹ ይልቅ የግል የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። የመንግሥት መምህራን በየጥቂት ዓመቱ ሲዘዋወሩ የግሎቹ እዚያው ይቆያሉ። ተማሪውን በዕጣ መደልደል ይቻላል፣ መምህሩን ግን ዕጣው አልነካውም።

እንደ እኔ ለወላጅ ከሁሉ የሚጠቅመው በካሪቢያን ባሕር ያለችው የትሪኒዳድና ቶቤጎ ጥናት ነው። እዚያ ልጆች የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ ላይ ፈተና ይወስዳሉ፣ የሚፈልጓቸውን ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይሞላሉ፣ ከዚያ በውጤታቸውና በምርጫቸው ይመደባሉ፤ እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ስንመደብ እንደምናውቀው ማለት ነው። ኢኮኖሚስቱ ኪራቦ ጃክሰን ይህን አመዳደብ ተጠቅሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አብዛኞቹ ተማሪዎች በነጠላ ፆታ ትምህርት ቤት ምንም የተለየ ጥቅም እንዳላገኙ ያሳያል። የተጠቀሙ ግን ነበሩ፦ የሴቶች ትምህርት ቤትን አጥብቀው የመረጡ ልጃገረዶች። እዚያው ጥናት ላይ ሌላ ያልተጠበቀ ነገርም አለ፤ በሴቶች ትምህርት ቤት የገቡት ልጃገረዶች የወሰዷቸው የሳይንስ ትምህርቶች ያነሱ ነበሩ።

ያው ተመራማሪ በኋላ ሌላ አጋጣሚ አገኘ። የትሪኒዳድ መንግሥት በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው ዝቅ ያለ 20 ቅይጥ ትምህርት ቤቶችን ወደ ነጠላ ፆታ ቀየረ። ሕንፃው ያው፣ አካባቢው ያው ሆኖ የሴቶቹም የወንዶቹም ውጤት ተሻሻለ፤ ወንዶቹ በፖሊስ መያዛቸው ቀነሰ፣ በልጅነታቸው የሚወልዱ ሴቶች ቁጥርም ቀነሰ። ስለዚህ «ልዩነት የለውም» ብሎ መደምደምም አይቻልም። እኔ ከሁለቱ የምወስደው፣ ነጠላ ፆታ የሚረዳው በተለይ ቅይጡ በደከመበት ቦታ መሆኑን ነው። በደንብ የሚመራ ቅይጥ ትምህርት ቤት አጠገቧ ያለ ልጅ ከዚህ የምታተርፈው ትንሽ ነው።

ቡሬቱን ማን ይይዛል?

በውጤት ሠንጠረዥ ላይ የማይታይ፣ ክፍል ውስጥ የሚታይ ነገር አለ። የኬሚስትሪ ላብ ይግቡ። አራት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቲትሬሽን ይሠራሉ፤ ቀለሙ እስኪቀየር ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ ይለካሉ። ቡሬቱን፣ ማለትም ፈሳሹን የሚያንጠባጥበውን የመለኪያ ቱቦ፣ የያዘው ወንድ ነው፤ ፍላስኩን የሚወዘውዘው ሌላ ወንድ ነው፤ ቀለሙ ሲቀየር «በቃ፣ በቃ!» የሚለው ሦስተኛው ነው። ሴቷ ደብተሯን ይዛ ቁጥሩን ትመዘግባለች። ጽሑፏ ያምራልና ሪፖርቱንም ትጽፈዋለች፤ የቡድኑ ማርክ ጥሩ ይሆናል። በማርኩ በኩል ምንም አልጎደለባትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን ቡሬት በእጇ አልያዘችም።

ከላብ ውጭም ተመሳሳይ ነው። አለቃ ወንድ፣ ምክትሏ ሴት። ሰልፍ ላይ ባንዲራ የሚሰቅለው ወንድ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ሰላምታ የምታቀርበው ሴት። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ መምህሩም እጁን ቀድሞ ያወጣውን ይጠይቃል፣ ቀድሞ የሚያወጣው ደግሞ በአብዛኛው ወንዱ ነው። በሴቶች ትምህርት ቤት ይህ ድልድል ከነጭራሹ የለም። አለቃዋም፣ ቡሬት ያዧም፣ ክርክር ላይ የምትጮኸውም ሴት ናት፤ ሌላ አማራጭ የለማ! በ1958 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ብሪታኒያውያንን ዕድሜ ልካቸውን ሲከታተል የቆየው ጥናት በሴቶች ትምህርት ቤት ያለፉት ልጃገረዶች በሒሳብና በሳይንስ ችሎታቸው ላይ የተሻለ እምነት እንደነበራቸው አሳይቷል። ለሴቶች ትምህርት ቤት ከሚቀርቡ መከራከሪያዎች ሁሉ እኔን የሚያሳምነኝ ይሄኛው ነው።

ታዲያ የትሪኒዳዶቹ ለምን ያነሰ ሳይንስ ወሰዱ? አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት ለማንኛውም ወላጅ ግልጽ ነው፤ የሴቶች ትምህርት ቤት ሆኖ ፊዚክሱ ደካማ፣ ላቡ ተቆልፎ የሚውል ሊሆን ይችላል። እኛ አገር 11ኛ ክፍል ላይ ናቹራልና ሶሻል ይለያል። አንድን የሴቶች ትምህርት ቤት ለመመዘን ከ10ኛ ካለፉት ልጆች ስንቶቹ ናቹራል እንደመረጡና ለምን እንደመረጡ መጠየቅ በር ላይ ከተሰቀለው ባነር የበለጠ ይናገራል። ቅይጥ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ደግሞ የሴቶቹን ውጤት ለብቻ ይጠይቁ። ብዙ ርዕሰ መምህራን ይህን ተጠይቀው አያውቁም፣ ትንሽ ግር ይላቸዋል። ፈልገው የሚነግሩዎት ካሉ ግን ጥሩ ምልክት ነው።

ጥበቃ የሚባለው ነገር

በግልጽ እንነጋገር። ብዙ ወላጅ የሴቶች ትምህርት ቤት የሚፈልገው በቡሬት ምክንያት አይደለም፤ «ጓደኛ ትይዛለች» ብሎ ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ አይናቅም፤ መፍትሔው ግን አጥሩ አይደለም። ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ጋር የምትውል ልጅን የትምህርት ቤት አጥር ከወንድ አይለያትም። የሴቶች ትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ላይ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን የሰፈርና የሌላ ትምህርት ቤት ወንድ ብዛት ያየ ይፈርዳል። እንዲያውም ለከፋው የሚበረታው እዚያ ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ አይነሳም። «የሴቶች ትምህርት ቤት» ማለት ተማሪዎቹ ሴቶች ናቸው ማለት እንጂ መምህራኑ ሴቶች ናቸው ማለት አይደለም። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። አንድ መምህር ለራሱ ተማሪ በግል እንዲያስጠና ይፈቀድለታል? አንዲት ልጅ አስተያየቱ ወይም ንግግሩ ያልተመቻትን መምህር ለማን ነው የምትነግረው፤ ስሟ ሳይወጣ? የነገረችው ሰውዬ የዚያው መምህር ጓደኛ ቢሆንስ? ለነዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ያለው ቅይጥ ትምህርት ቤት «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ከሚያልፍ የሴቶች ትምህርት ቤት ይሻላል።

ሽንት ቤቱንም ይዩት። የማያሳዩዎት ከሆነ ቀድሞውኑ መልስ አግኝተዋል። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ውኃ በዕረፍት ሰዓትም ይደርሳል? ሞዴስ ድንገት ለቸገራት ልጅ የሚሰጥ ሰው አለ ወይስ አስፈቅዳ ወደ ቤት ትሄዳለች? በየወሩ ሁለት ቀን የምትቀር ልጅ የሒሳብ ትምህርት ይዘላታል፤ ቅይጥም ሆነ የሴቶች። እውነቱን ለመናገር በዚህ በኩል የሴቶች ትምህርት ቤቶች ይቀናቸዋል፤ ነገሩ የማያሳፍር፣ የሁሉም ጉዳይ ስለሆነ።

መንገዱ

የሴቶች ትምህርት ቤት ጥቂት ነው፤ ስመ ጥሮቹም መሃል ከተማ ናቸው። ሕዝቡ ደግሞ ወደ ዳር ወጥቷል። የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ ኮዬ ፈጬ የሚኖረው፣ በኮሪደር ልማቱም ከፒያሳ የተነሳው ቤተሰብ ልጁን አራት ኪሎ ልላክ ካለ ልጅቷ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ሰርቪስ ከተያዘላት በየቤቱ እየዞረ ሲለቅም እሷ መጀመሪያ ተሳፍራ መጨረሻ ትወርዳለች፤ ማታ ስትመለስም እንዲሁ። ካልተያዘላት ሁለት ታክሲ ናት፤ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ሰልፉ። ለከፋውም፣ ግፊያውም፣ ጨለማውም እዚህ ነው ያለው። ከወንድ ልጠብቃት ተብሎ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ማዋል ለእኔ አይገባኝም። የጥናት ሰዓቷም እንቅልፏም የሚሄደው በዚሁ ነው።

ወጪው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፦ ክፍያው በየዓመቱ በወላጅ ስብሰባ ሲጨመር የሚያውቅ ያውቀዋል። የወር ክፍያውን ብቻ ሳይሆን ሰርቪሱን፣ ዩኒፎርሙን፣ መጽሐፉንና የምዝገባውን ደምሮ በአራት ዓመት ማባዛት ነው። 10ኛ ላይ አቅም አንሶ ልጅን ማስወጣት ከጅምሩ ካለማስገባት ይከፋል።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ስጋት ደግሞ፦ «ከወንድ ጋር ሳትውል አድጋ ትደናገጣለች» የሚለው ብዙ አያሳስበኝም። ወንድም አላት፣ የአጎት ልጆች አሏት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ አላት፣ ሰፈር አላት። ልጅቷ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ብቻ የምትል ከሆነች ግን ስጋቱ እውነት ነው፤ ያኔ ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ሳይሆን የቤቱ ነው።

ልጅቷስ ምን አለች?

በዚህ ሁሉ ክርክር መሃል ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀችው ባለጉዳይዋ ናት። አንድ ወዳጄ ሳያማክራት ቦታ አስይዞ ራት ላይ ነገራት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «አባዬ፣ እዚያ የቅርጫት ኳስ አለ?» አለችው። እሱ ስለ 12ኛ ውጤት፣ ስለ ሥነ ሥርዓቱ፣ ስለ ክፍያው ጠይቋል፤ ይህ በሐሳቡም አልመጣ። በማግስቱ ደወለ፤ ሜዳም ቡድንም የለም። ልጅቷ ስለ ወንድ መኖር አለመኖር ቁብም አልነበራት፤ የምትፈራው ከትምህርት በኋላ የምትወደው ነገር እንዳይቀርባት ነው። ሌላዋ ልጅ ደግሞ ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ በክፍሏ ወንዶች ሲቀለድባት ከርማ፣ ቤት ሳትናገር የሴቶች ትምህርት ቤትን እንደ እረፍት የምትመኝ ልትሆን ትችላለች። የትሪኒዳዱ ግኝት ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ፈልጋ የገባችው ተጠቅማለች።

ይህ ማለት የ14 ዓመት ልጅ ብቻዋን ትወስን ማለት አይደለም። ወላጅ የማይደራደርባቸውን፣ መንገዱን፣ ክፍያውን፣ የትምህርቱን ጥራት፣ አስቀድሞ ያጣራና ሁለት ወይም ሦስት ትምህርት ቤቶች ላይ ያጥብብ። ከነዚያ መካከል እሷ ትምረጥ። ሲጎበኙ ይዘዋት ይሂዱ፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እርስዎ ሲቀመጡ እሷ በዕረፍት ሰዓት ግቢ ውስጥ ትቁም፣ ከአሥረኛ ክፍል ልጆች ጋር ታውራ። ስትመለስ «እንዴት ነው?» ብቻ ብለው ከጠየቁ «ጥሩ ነው» ትላለች። ማንን እንዳናገረች፣ ምን እንዳሳቃት፣ ምን እንዳስጠላት ይጠይቋት።

ምርጫው ዘጠነኛ ላይ ተቆልፎ የሚቀርም አይደለም። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለቀረ ከ10ኛ ወደ 11ኛ ትምህርት ቤት ለመቀየር የሚታየው ትራንስክሪፕቷ ነው፤ ናቹራልና ሶሻል የሚለየውም ያኔ ስለሆነ ነገሩን እንደገና ለማየት አመቺ ጊዜ ነው። ችግሩ በ11ኛ አዲስ ተማሪ የሚቀበል ጥሩ ትምህርት ቤት ቦታው ጥቂት መሆኑ ነው። ስለዚህ መቀየር ያሰበ ቤተሰብ ክረምት እስኪገባ ሳይጠብቅ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀመር መጠያየቅ ይጀምር።